ርስት በሺህ ዓመቱ፣ ሊዝ በዘጠና ዘጠኙ

አባቶቻችን «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ይሉ ነበር። የዛሬው አዲስ አበቤ ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል። በእጁ ያለው ወረቀት የሚለው ሺህ ሳይሆን 99 ነውና።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ለቡ አካባቢ፣ ከአንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ መኖሪያ የገዛ ወዳጄ የቤቱን ሰነድ ሲያሳየኝ ዓይኔ የሊዝ ዘመኑ ላይ ዐረፈ። «ከዚያ በኋላስ?» አልሁት። «እኔ እንደሆን አልደርስበትም» አለና ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ቃሉ ከነከነኝ። ለመሆኑ ሰው የማይደርስበት ነገር አያገባውም ማለት ነው?

የነገሩን አመጣጥ እናስታውስ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 80 የከተማ ቦታ በሊዝ እንዲያዝ ደነገገ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ የመኖሪያ ቤትን የሊዝ ዘመን 99 ዓመት አድርጎ፣ ዘመኑ ሲያበቃ በጊዜው በሚኖረው መነሻ ዋጋ ሊታደስ እንደሚችል ገለጸ። ማሳደስ የሚፈልግ ሰው ዘመኑ ከማለቁ ከ10 እስከ 2 ዓመት ቀደም ብሎ በጽሑፍ ያመልክት፤ ሳይታደስለት ቢቀር ግን ካሳ የለውም ተባለ። በሊዝ ከተሰጠ ቦታ የመጀመሪያው 99 ዓመት ከ2085 ዓ.ም. በፊት ስለማይሞላ፣ ይህን እድሳት በዓይኑ ያየ ሰው ገና የለም።

በሌላ በኩል የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ፣ የማይለወጥ የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት ነው ካለ በኋላ፣ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ መሬቱ ላይ ለሠራው ነገር ሙሉ መብት ሰጥቶታል። የመጠቀም መብቱ ሲቋረጥ ንብረቱን ሊያነሣ፣ ባለቤትነቱን ሊያዛውር ወይም ካሳ ሊጠይቅ ይችላል። አንደኛው ካሳ ጠይቅ ሲል፣ ሌላው ካሳ የለህም ብሏል። ሁለቱን ማስታረቅ የሕግ ዐዋቂዎች ሥራ ነው፤ የኅሊናው ጥያቄ ግን የሁላችንም ነው።

የጭቃ ቤት የሠራ ሰው ቢያንስ ቆርቆሮውን ነቅሎ፣ በሩንና መስኮቱን ጭኖ ይሄዳል። ከአራተኛ ፎቅ ላይ ምን ይነሣል? ከሥሩም ከላዩም ጎረቤት አለ። ደረጃው የጋራ፣ ጣሪያው የጋራ፣ መሬቱም የጋራ ነው። የአንዱ የልጅ ልጅ ለማሳደሻ የሚከፍለው ቢያጣ የሌሎቹ ዕጣ ምን ሊሆን ነው?

ይህ የምናብ ሥጋት ብቻ አይደለም። በሲንጋፖር፣ ጌይላንግ በተባለው ሠፈር፣ ለ60 ዓመት በሊዝ የተያዙ 191 ቤቶች ዘመናቸው በ2013 ዓ.ም. አብቅቶ ያለ ካሳ ለመንግሥት ተመልሰዋል። መንግሥት ውል አላፈረሰም፤ ውሉ ከመጀመሪያውም ይኸው ነበር።

ይሁን እንጂ ፍርድ ሁለቱንም ወገን መስማት አለበት። ያ ሕንፃ የቆመበት መሬት ትናንት እርሻ ነበር፤ ገበሬው ተነሥቶለታል። ጀሞ ውስጥ ደግሞ በአንዲት የኪራይ ክፍል ቤተሰቡን ይዞ የሚኖር ሰው አለ። የወዳጄ ዘር ያለ ምንም ክፍያ ለዘላለም ይያዘው ካልን፣ ሊዙ ርስት ሆነ ማለት ነው፤ ያውም ጎረቤት የማይካፈለው ርስት። የመሬቱን ዋጋ ያናረው የወዳጄ ላብ አይደለም። አስፋልቱ፣ ውኃው፣ መብራቱ፣ የሕዝቡ አብሮ መኖር ነው። ስለዚህ ለመሬቱ እንደገና ክፈሉ ቢባሉ ግፍ አይመስለኝም። ቤቱ ግን የዕቁብ ብር ነው፤ ከዓረብ አገር የተላከ የእኅት ደመወዝ ነው። ለመሬቱ ክፈል ማለት አንድ ነገር ነው፤ ካልቻልህ ቤትህንም በባዶ እጅህ ተወው ማለት ሌላ ነገር ነው።

ታዲያ ይህ መቼ ይወሰን? አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሮልስ በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሰዎች ፍትሐዊ ሥርዓት የሚመርጡት ራሳቸው ባለጠጋ ይሁኑ ድኻ ሳያውቁ ቢመርጡ ነው የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ይህ ለሌላው ምናብ ነው፤ ለእኛ ግን በዚህ በአንዱ ጉዳይ እውነት ሆኖልናል። በ2085 ዓ.ም. የእኔ የልጅ ልጅ ባለቤት ይሁን ተከራይ፣ ከጠረጴዛው ወዲህ ቆሞ የሚያመለክት ይሁን ከወዲያ ተቀምጦ የሚፈርም፣ አላውቅም። ዘመኑ ሲቃረብ ግን ሁሉም ወገኑን ይለያል፤ ያን ጊዜ የሚጻፈው ሕግም ጉልበት ወዳለው ያጋድላል።

እንግዲህ ወዳጄን ሳገኘው የምነግረው ይህንኑ ነው። «አልደርስበትም» ማለት ዝም ለማለት ምክንያት አይሆንም። እንዲያውም ሳያዳላ ሊፈርድ የሚችለው የማይደርስበት ሰው ነው።