የትኛው ስንዴ ይሻላል?

ከሁለት የስንዴ ዘሮች የትኛው ይሻላል ተብለን ብንጠየቅ፣ ብዙ ፍሬ የሚሰጠው ነው ብለን ለመመለስ እንቸኩላለን። ነገሩን ረጋ ብለን ስንመረምረው ግን ጥያቄው የእርሻ ብቻ ሳይሆን የፍርድም ጥያቄ ሆኖ እናገኘዋለን።

ስንዴ ምግቡን የሚሠራበትን አየር የሚያስገባው በቅጠሉ ላይ ባሉት እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው፤ ውሃውም ተንኖ የሚወጣው በእነዚሁ ነው። በድርቅ ጊዜ ቀዳዳዎቹን የሚዘጋ ስንዴ ውሃውን ያድናል፤ አየሩን ስለሚያጣ ግን ፍሬው ይቀንሳል። ቶሎ የሚደርስም ዘር ከድርቅ ያመልጣል፤ በመልካሙ ዓመት ግን ዘግይቶ የሚደርሰው ሊበልጠው ይችላል። ድርቅን የመቻል ጠባይ የአንድ ጂን ሥራ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር፤ ዳሩ ግን እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት የሚረዱ ብዙ ጂኖች ያሉበት ነው።

ቁመትን የሚያሳጥሩት ጂኖች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆኑናል። ኖርማን ቦርሎግ በሜክሲኮ አገር ኖሪን 10 ከተባለው የጃፓን ስንዴ እያዳቀለ ያወጣቸው አጫጭር ስንዴዎች፣ ውሃና ማዳበሪያ ሲያገኙ ሳይወድቁ ብዙ ፍሬ ይሸከማሉ። ስለዚህም ሥራው እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1970 ዓ.ም. የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጠው። ነገር ግን እነዚሁ ጂኖች ቡቃያው አፈሩን ሰንጥቆ የሚወጣበትን ሽፋን ስለሚያሳጥሩት፣ እርጥበት ፍለጋ በጥልቅ የተዘራው ዘር ለመብቀል ይቸገራል።

እንግዲህ ዘጠኝ ዓመት አትርፎ በዐሥረኛው የሚጠፋ ዘር ይኑር እንበል። ሒሳቡ ሲደመር ብልጫው የዚህ ዘር ሊሆን ይችላል፤ ሙሉ ጎተራ ላለውም ሰው ሒሳቡ እውነት ነው። ለድኻው ገበሬ ግን ዐሥረኛው ዓመት በሬውን የሚሸጥበት፣ ለዘር ያስቀመጠውንም የሚበላበት ዓመት ነው። አማካይ ምርት በመዝገብ ይጻፋል እንጂ በገበታ አይቀርብም።

የሩሲያው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1927 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥቶ ዘር ሲሰበስብ፣ የስንዴያችን ልዩ ልዩነት አስደንቆታል። ገበሬዎቻችን ልዩ ልዩ ዓይነት ስንዴ በአንድ ማሳ ቀላቅለው መዝራታቸው እንደ ድንቁርና ሊቈጠር አይገባውም። አንዱ ቢጠፋ ሌላው እንዲተርፍ የሚያደርግ ጥበብ ነውና።

ታዲያ ብዙ የሚያፈራውን ዘር እንናቅ ማለታችን ነውን? አይደለም፤ የሚበላው ሕዝብ እየበዛ ሳለ ምርትን መናቅም ሌላ ግፍ ነው። የምንለው ይህ ነው፦ ዘር መርጦ ለገበሬ የሚሰጥ ሰው የመልካሙን ዓመት ትርፍ ሲናገር የክፉውን ዓመት ጉዳት አይሰውር። በሌላው ማሳ ላይ ዕጣ የሚጥል ሁሉ፣ ዕጣው ክፉ በወጣ ጊዜ ጉዳቱን ሊካፈል ይገባዋል።