ዕድር ለቀብር፣ ለሕመምስ?

ለመሆኑ ጤነኛ ሰው ለማያውቀው ሕመምተኛ ከኪሱ የሚያወጣው ለምንድን ነው? ጥያቄው ከፈላስፎች መንደር የመጣ ይምሰል እንጂ፣ በአዳማም ሆነ በሻሸመኔ የጤና መድን ምዝገባ በደረሰ ቁጥር የሚነሣ ነው። «አምና ከፈልኩ፤ አንድ ቀን እንኳ ሳላስነጥስ ዓመቱ አለቀ፤ ገንዘቤ የት ገባ?» የሚል ባለባጃጅ አይጠፋም።

ሰውየው ሞኝ አይደለም። ይሁን እንጂ ይኸው ሰው የዕድሩን መዋጮ ወር ጠብቆ ይከፍላል። «ዘንድሮ ከቤቴ ሰው ስላልሞተ ገንዘቤ ይመለስልኝ» ያለ ዕድርተኛ ግን ተሰምቶ አይታወቅም። ሞት ለማንም የማይቀር ዕዳ መሆኑን ሁላችንም ተቀብለናላ! ሕመምን ግን የባለቤቱ ጉዳይ፣ አንዳንዴም የባለቤቱ ጥፋት አድርገን እናየዋለን። «ጠጥቶ ነው»፣ «ራሱን ሳይጠብቅ ነው» እንላለን።

እስቲ ከአዳማ ወደ ወንጂ ዝቅ እንበል። የስኳር ፋብሪካው በሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ ተቋቁሞ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የስምጥ ሸለቆው የጉድጓድ ውኃ ግን ፍሎራይድ በዝቶበት ነበር። ያን ውኃ እየጠጡ ያደጉ ልጆች ጥርሳቸው በለዘ፤ ለዓመታት ከጠጡት ሠራተኞችም አንዳንዶቹ አከርካሪያቸው ደርቆ ጎበጡ። (ስኳር ሲያመርት የኖረ ሰው በውኃ መጎዳቱ!) እንግዲህ ውኃ የጠጣ ሰው ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? ከጎኑ ያለው ጤነኛስ በየትኛው ብልሃቱ ተረፈ?

ወንጂ እንኳ የራሱ ሆስፒታል ነበረው። በሞጆ ቆዳ የሚሸከመው፣ በአዳማ ጭነት የሚያወርደው የቀን ሠራተኛ ምን አለው? የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ዓ.ም. ወጣ፤ የሚመለከተው ግን ደመወዝተኛውንና ጡረተኛውን ነው፤ አፈጻጸሙም በተደጋጋሚ ሲራዘም ኖሯል። ማኅበረሰብ አቀፉ መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ኋላ ተስፋፋ። ይኽኛው መደበኛ ደመወዝ የሌለውን ይቀበላል፤ ለምስኪኑም መንግሥት ይከፍልለታል። መልካም! ነገር ግን ምዝገባው በቤተሰብ ነው። ከአርሲ ወይም ከከምባታ መጥቶ በአንዲት ኪራይ ክፍል ለአምስት የሚያድር ወጣት የማን ቤተሰብ ይባል? ከምስኪኖች መዝገብ እንዳይገባ ጉልበት አለው፤ ከከፋዮች መዝገብ እንዳይገባ የቀበሌ መታወቂያ የለውም።

ታዲያ በግዴታ ይሁን? በፈቃድ ብቻ ከሆነ የሚመጣው የታመመው ነው፤ ሕመምተኞች ብቻ የሚያዋጡበት ሣጥን ደግሞ ዓመት አይዘልቅም። ቢስማርክ እ.ኤ.አ. በ1883 የጀርመን ሠራተኞችን የሕመም መድን ግዴታ ሲያደርገው ሲሶውን አሠሪው፣ ሁለት ሲሶውን ሠራተኛው እንዲከፍል ነበር። (ሶሻሊስቶቹን ለማዳከም ማሰቡን ታሪክ አይደብቅም፤ ይኹን።) እኔም ግዴታውን አልጠላውም። የምጠላው ባዶ መደርደሪያ በግዴታ መሸጥን ነው። የዕድር አባል ድንኳኑ ሲተከል፣ ንፍሮው ሲቀርብ በዓይኑ ያያል። የመድን አባሉ ግን ከጤና ጣቢያ ተነሥቶ፣ ሪፈር ጨብጦ ሆስፒታል ከደረሰ በኋላ «መድኃኒቱ የለም፤ ከውጭ ግዛ» ከተባለ፣ ከሁለት ኪሱ ከፈለ ማለት ነው። ባለባጃጁን ተጠራጣሪ ያደረገው ስስት ብቻ አይመስለኝም።

ቤተሰብ የሚለውን ቃል ግን ዛሬውኑ ማስፋት ይቻላል። የጫኝና አውራጅ ማኅበራት የጋራ ገቢያቸውን በየጭነቱ ይከፋፈላሉ፤ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ ከቀበሌው ይልቅ እነርሱ ያውቃሉ። መዋጮው ከዚያው ተቀንሶ፣ አባላቱ በማኅበራቸው ስም ቢመዘገቡ የሚከለክለው ምንድን ነው?