በጎ ፈቃድ ብቻውን ይበቃልን?



አንድ ሰው ለደግ አስቦ ሌላውን ቢጎዳ ጥፋቱ ይቆጠርበታልን? ወይስ «ያሰበው መልካም ነበር» ተብሎ ይታለፋል? ይህን ጥያቄ ያነሣነው በመጽሐፍ አግኝተነው አይደለም። በገዛ ቤታችን፣ በአንዲት የጺም መላጫ ምክንያት ገጠመን። እኛ ሁለት ወንድማማቾች ነን፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «እኛ» ስንልም ሁለታችንን ማለታችን ነው።

አባታችን ጺማቸውን ሌላ ሰው እንዲነካባቸው የማይወዱ ሰው ናቸው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ በየማለዳው መስኮቱ ሥር ተቀምጠው፣ ትንሿን መስታወት አስደግፈው፣ በዚያች ከበድ ባለች የብረት መላጫቸው ራሳቸው ይላጩ ነበር። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ግን እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። በመጀመሪያ የቡናው ስኒ ከማስቀመጫው ጋር ይንኳኳባቸው ነበር፤ ኋላም መላጫውን አጽንቶ መያዝ ተሳናቸው። ጺማቸው አደገ። ዘወትር የሚላጭ ሰው ጺሙን ሲያሳድግ በእኛ አገር ሐዘን የደረሰበት ይመስላል። አንድ ጎረቤትም እናታችንን መንገድ ላይ አግኝቶ «ምነው፣ ማን ሞተባችሁ?» ብሎ ጠየቃቸው። አባታችን ይህን ሰሙ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ወደ እድር ስብሰባ መሄድ ተዉ።

እኛም አዘንን። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ «ዛሬ እኛ እንላጭዎታለን» አልናቸው። ምንም አልመለሱልንም፤ ዝምታቸውን እንደ ፈቃድ ቆጠርነው። እስከዚያ ቀን ድረስ እኛ የምናውቀው ጥቂት ጊዜ ተላጭተውበት የሚጣለውን የፕላስቲክ መላጫ ነበር። እርሱን ጫን አድርገው ቢስቡትም ብዙ አይቀጣም። የአባታችንም መላጫ ያው መላጫ ነው ብለን ገመትን። ከሁለታችን ታላቁ ሳሙና ቀባቸውና እንደ ልማዱ ተጭኖ ወደ ታች ሳበው። ጉንጩ በደኅና አለፈ። አገጩ ሥር ሲደርስ ግን ደሙ አረፋውን አቀላው፤ ነጠላቸውም ላይ ወረደ። ታናሹ ፎጣ ፍለጋ ሮጠ። አባታችን «ምንም አይደለም፤ ለደግ ብላችሁ ነው» አሉን።

ይህ ቃል ለጊዜው አጽናናን። ሌሊት ግን እንቅልፍ ነሣን። «ለደግ ብላችሁ ነው» የተባለው እውነት ነው። ነገር ግን ቁስሉ የእርሳቸው ነው፤ ይቅርታው የእርሳቸው ነው፤ ሕመሙን ችለው እኛን ያጽናኑትም እርሳቸው ናቸው። እኛ የከፈልነው ምንድን ነው? በጎ ሐሳባችንን ብቻ ነው። እርሱ ደግሞ ምንም አላስወጣንም ነበር።

አባቶች «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት መጽሐፍ አጠበች» ይላሉ። ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም፤ ልታጠፋ ሳይሆን ልታጸዳ ተነሣች። ሆኖም ጽሑፉ በውኃ ሄደ። እኛም ያን ዕለት መጽሐፍ አጣቢዎች ሆንን።

ስለዚህ አንድ ነገር ወሰንን። በአባታችን ፊት ላይ ዳግመኛ ከመሞከራችን በፊት በራሳችን ፊት እንማር አልን። ለየራሳችን የብረት መላጫና ምላጭ ገዛን። በአንድ መላጫ ለመጠቀም አልፈለግንም። ምላጭ ደም የሚነካ ነገር ስለሆነ ኤች አይ ቪንና የጉበት በሽታ የሚያመጡ ቫይረሶችን ከአንዱ ወደ ሌላው ሊያሻግር ይችላል። ከአንድ መሶብ የሚቆርሱ ወንድማማቾችም በምላጭ መለያየት ይገባቸዋል፤ ይህም ራሱ መተሳሰብ ነው።

በማግሥቱ ማለዳ በአባታችን መስኮት ሥር ተቀመጥን። እርሳቸው ከኋላችን ወንበራቸው ላይ ሆነው ይመለከቱን ነበር። ታናሹ መላጫውን ጉንጩ ላይ ተክሎ መጫን ሲጀምር፣ ስለዚህ ነገር ለብዙ ቀን ያልተናገሩት አባታችን ድንገት «ተው! አትጫነው!» አሉ። ቀጥለውም ለሁለታችን «ክብደቱ ለራሱ ይበቃዋል። እናንተ አያያዙን ብቻ ጠብቁለት» አሉን።

ከዚያ በኋላ በየማለዳው አስተማሩን። መጀመሪያ ፊትን ለብ ባለ ውኃ አርሶ ትንሽ መቆየት፤ ጸጉሩ ውኃ ጠጥቶ ሲለሰልስ ለስለቱ ይገዛል። ቀጥሎ ሳሙናውን በብሩሽ መትቶ አረፋውን በደንብ መቀባት። መላጫውን ቀጥ ብሎ እንደ ቆመ ወይም ከፊት ጋር እንደ ተኛ ሳይሆን 30 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ መያዝ። ቆዳውን በሌላው እጅ ወጠር አድርጎ፣ ጸጉሩ ወደሚበቅልበት አቅጣጫ፣ በአጭር በአጭሩ ማውረድ። በየመካከሉ ማለቅለቅ። አንገት ላይ ጸጉር አንዳንዴ ወደ ጎን፣ አንዳንዴም ወደ ላይ ስለሚበቅል አስቀድሞ በጣት ዳሶ ማወቅ። በመጀመሪያው ቀን ሁለታችንም ተቆረጥን። በአራተኛው ቀን አንድም ደም አልታየም። እኛ ደግሞ ጺማችን ጥቅልል ነው፤ እንዲህ ያለው ጸጉር ከቆዳ በታች ጠልቆ ሲቆረጥ ወደ ውስጥ ተመልሶ ይበቅልና ሽፍታ ያወጣል። ስለዚህም «ይበልጥ ይጥራ» ብሎ ደጋግሞ መፋቅ ትርፉ ቁስል መሆኑን በአንገታችን ላይ አየን።

ስለ መላጫይቱም ታሪክ አነበብን። ፈረንጆቹ «አደጋ የማያደርስ መላጫ» በሚል ስም ይጠሯታል። ቀጭኑ ምላጭ በሁለት ብረቶች መካከል ጎበጥ ብሎ ይታሰራል፤ ከስለቱ ፊት ያለው የብረት ጠርዝም ወደ ሥጋ ጠልቆ እንዳይገባ ይከለክለዋል። እንዲህ ያለውን ከለላ በ18ኛው መቶ ዓመት ዣን ዣክ ፔሬ የተባለ ፈረንሳዊ ስለት ሠሪ አስቦበት ነበር። ኪንግ ካምፕ ጂሌት የተባለው አሜሪካዊ ደግሞ በ1895 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሲደንዝ የሚለወጥ ቀጭን ምላጭ ለመሥራት አሰበ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ሐሳብ ጺም አይላጭም። ያን ያህል የቀጠነ ብረት እንዴት ጠንክሮ ስለት እንደሚይዝ የሚያውቅ ጠፋ። ዊልያም ኒከርሰን የተባለ መሐንዲስ ብልሃቱን አግኝቶለት ሽያጭ የተጀመረው በ1903 ነው፤ በዚያ ዓመት የተሸጡትም 51 መላጫዎችና 168 ምላጮች ብቻ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ከ90,000 በላይ መላጫዎች ተሸጡ። በመልካም ሐሳብና በሚሠራ ነገር መካከል 8 ዓመት የትዕግሥት ሥራ ነበረ። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያለባት መላጫም ቢሆን በማያውቅ እጅ አባታችንን አድምታለች። ከለላው ቁስሉ እንዳይጠልቅ ይረዳል እንጂ የሰውን ግድየለሽነት አይሽርም።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ እንዲህ ሊለን ይችላል፤ «ዋናው ልብ አይደለምን? እጁ የሠለጠነ ክፉ ሰው ከእናንተ ይሻላልን?» እኛም አይሻልም እንላለን። ጉሮሮአችንን ለሰው ምላጭ አመቻችተን ስንሰጥ አስቀድመን የምናምነው ልቡን ነው። ጥበብ ያለ በጎ ፈቃድ የሚያስፈራ ነገር ነው። ስለዚህ በጎ ፈቃድ ሥሩ መሆኑን አንክድም። ሆኖም ሥር ብቻውን ዛፍ አይባልም። አንድን ሰው ከልባችን የምንወድ ከሆነ የሚጠቅመውን ነገር ለማወቅ እንደክማለን። ለመማር የማይደክም በጎ ፈቃድ ግን ምናልባት የወደደው ሌላውን ሳይሆን፣ ሌላውን ሲረዳ የሚታየውን የራሱን መልክ ነው። ያን እሑድ እኛም «እንዴት ያሉ ልጆች!» መባልን ሳንጠብቅ አልቀረንም።

ይህ ነገር በምላጭ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። ከራሳችን የተረፈውን መድኃኒት «ለእኔ አሽሎኛል» ብለን ለታመመ ጎረቤት እንሰጣለን፤ ሕመሙ ሌላ ሊሆን ይችላል። የታመመን ሰው ለመጠየቅ ሄደን ማረፍ እስኪሳነው ድረስ እናወራዋለን። ትምህርት የከበደውን ታናሽ ወንድማችንን እንረዳ ብለን ሒሳቡን እኛው ሠርተን እንሰጠዋለን። በሁሉም ውስጥ ልባችን ደግ ነው። በሁሉም ውስጥ ያላደረግነው አንድ ነገር አለ፤ ሰውየውን ራሱን «ምን ይሻልሃል?» ብለን አልጠየቅነውም።

ሌላው ተቃውሞ ደግሞ «እንግዲያው ሁሉን እስክናውቅ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ?» የሚል ነው። እንዲህ አላልንም። ቤት ሲቃጠል ውኃ የያዘ ሁሉ ይሮጣል። የአባታችን ጺም ግን እሳት አልነበረም፤ ሁለት ሳምንት ሊጠብቀን ይችል ነበር። የቸኮለው ችግሩ ሳይሆን እኛ ነበርን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አባታችንን «አሁንስ ይፈቅዱልናል?» ብለን ጠየቅናቸው። በዚህ ጊዜ ዝም አላሉም። በሚንቀጠቀጠው ጣታቸው ፊታቸውን እያመለከቱ «እዚህ ጋ ወደ ላይ ነው የሚበቅለው። እዚህ ከአገጬ ሥር ደግሞ በልጅነቴ የወደቅሁበት ጠባሳ አለ፤ እርሱን በጎኑ እለፉት» አሉን። በመጀመሪያው ቀን የቆረጥነው እዚያው ጠባሳ ላይ ነበር። ብንጠይቃቸው ኖሮ ይነግሩን ነበር።

ታላቁ ቆዳውን ወጠር አድርጎ ያዘ፤ ታናሹ መላጫውን በክብደቷ ብቻ አወረዳት። ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጀብን። ሲያልቅ አባታችን ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ዳሰሱና «ከጆሮዬ ሥር ትንሽ ትታችኋል» አሉ። ከዚያ ቃል የበለጠ ምስጋና ሰምተን አናውቅም። በመጀመሪያው ቀን እንደ ሕመምተኛ ችለውን ነበር፤ አሁን ግን እንደ አባት አረሙን። በተከታዩ እሑድ ጋቢያቸውን ደርበው ወደ እድራቸው ሄዱ።

ያገለገለውን ምላጭ ክዳኑን በቀደድነው ባዶ የወተት ጣሳ ውስጥ እናጠራቅማለን። ቆሻሻ የሚያነሡት ሰዎች እጅ እንዳይቆረጥ ብለን ነው። ይህንንም ያስተማሩን አባታችን ናቸው።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ የእኛ ሐሳብ ይህ ነው፤ በጎ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ብቻውን ግን አይበቃም። በዚህ የማይስማማ ካለ መልሱን በሚቀጥለው እትም እንዲጽፍልን እንጠይቃለን። የሚስማማውም ቢሆን በዚህ ሳምንት ሊረዳው ያሰበውን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ይጠይቀው፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው ይስማው።