ማገዶ ለቃሚዋ መበለት



ነቢዩ ኤልያስ በሰራፕታ ከተማ በር መበለቲቱን ያገኛት እንጨት ስትለቅም ነበር (1ኛ ነገ. 17)። በቤቷ የቀራት እፍኝ ዱቄትና ጥቂት ዘይት ብቻ ነበር። ድርቁን ያመጣችው እርሷ አይደለችም፤ ሸክሙ ግን በእርሷ ትከሻ ላይ አረፈ።

በዱራሜና በአካባቢዋም ይህን የመሰለ ሸክም እናያለን። መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሣት በጀመረበት በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 49 ብር ገደማ የነበረው አንድ ሊትር ናፍጣ፣ በጥር 2017 ዓ.ም. 99 ብር ገደማ ደርሷል። ወደ ገጠር ከተሞች ሲደርስ ደግሞ የማጓጓዣው ይታከልበታል። ባለመኪናው በጭነት፣ ነጋዴው በጨውና በሳሙና፣ ባለወፍጮው በማስፈጫ ላይ ይጨምራል። እያንዳንዱ የደረሰበትን ለቀጣዩ ያስተላልፋል። በመጨረሻ ሸክሙ ለማንም ማስተላለፍ የማትችለው እናት ዘንድ ይቆማል። ከሰል መግዛት ሲያቅታት፣ ቆጮዋን ለመጋገር ማገዶ ፍለጋ ትወጣለች፤ ወይም ልጇን ከትምህርት ቤት አስቀርታ ትልካለች።

ነጋዴ ወጪውን መሸፈኑ ኃጢአት አይደለም፤ የባጃጅ ነጂውም የሚያሳድጋቸው ልጆች አሉት። ነገር ግን አምስት ብር ተጨምሮበት አሥር የሚጨምር፣ በቀድሞ ዋጋ የገዛውን ሸሽጎ የሚያቆይ፣ የጎረቤቱን ችግር ትርፍ አድርጎታል። ኦሪት እውነተኛ ሚዛን እንዲኖረን ታዝዛለች (ዘሌ. 19፥35-36)። ር.ሊ.ጳ. ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ባወጡት «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክታቸው፣ የሠራተኛ ደመወዝ ለኑሮው የሚበቃ መሆን እንዳለበት አስተምረዋል። እንግዲህ ዋጋ ሲወጣ የቀን ሠራተኛችንን ክፍያ ባለበት የምንተው ከሆነ፣ እኛም ሸክሙን ወደ ታች ከሚገፉት ወገን ነን።

መበለቲቱ እንጀራዋን ባካፈለች ቀን ድርቁ አላበቃም፤ ዝናቡ የመጣው ከብዙ ቀን በኋላ ነው። ሆኖም በዚያ ሁሉ ጊዜ ማድጋዋ አልጎደለም። እኛም የነዳጅን ዋጋ ማውረድ አይቻለንም፤ ሸክሙ በእኛ እጅ ሲደርስ ግን ከፊሉን ማስቀረት እንችላለን። ባለወፍጮው ለአንዲት አረጋዊት በቀድሞው ዋጋ ይፍጭ። ጎረቤታሞች በአንድ ምጣድ፣ በአንድ እሳት ይጋግሩ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም አንድ ሕፃን ሲቀርባችሁ፣ ከመገሠጻችሁ በፊት ማገዶ ለቀማ ሄዶ እንደ ሆነ ጠይቁ፤ ቤቱንም ጎብኙ።

የመበለቲቱን ማድጋ የጠበቀ አምላክ የየቤታችንን ምድጃ ይባርክልን። አሜን።