ግማሹን ይክፈል

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ከአሞራ ገደል ብዙም ሳይርቅ፣ የሦስት ጀልባ ባለቤት የሆነ አንድ ሰው ነበር። ራሱ አይቀዝፍም፤ ወጣቶች ቀጥሮ ያሠራል። ማታ መረብ ይጥላሉ፣ ሊነጋጋ ሲል ያወጣሉ፣ ቆሮሶውንና አምባዛውን ገበያ ያደርሳሉ። ከቅጥረኞቹ አንዱ ከገጠር የመጣ፣ ቀን እየተማረ ሌሊት ጀልባና መረብ የሚጠብቅ ልጅ ነው።

አንድ ሌሊት ሁለት አዲስ መረብ ጠፋ። ልጁ ንጋት ላይ ልብሱ በስብሶ ከውኃው ሲወጣ ታይቷል። በማግስቱ ደግሞ ለእናቱ መድኃኒት ገዝቶ ወደ አገሩ በሚሄድ መኪና ላከ። ድሃ ገንዘብ ሲያወጣ የሚያየው ዓይን ይበዛል። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ዓሣ የሚበልቱት ወጣቶች፣ ሾርባ የምትሸጠው ሴት፣ ባጃጅ ነጂዎቹ ሁሉ «ሌባውማ ታውቋል» ይሉ ጀመር።

ባለ ጀልባው ግን ፖሊስ ጣቢያ አልሮጠም። «ልጁ ገና ነው፤ እስር ቤት አይግባብኝ» ብሎ ለሽማግሌዎች አቤት አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ታሪኩን የሚሰማ ሁሉ ይህን እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው አንድም የለም።

ሶንጎው ከዋርካው ሥር ተሰየመ። ሶንጎ በሲዳማ የሽማግሌዎች ሸንጎ ነው። ነገር የሚታይበት ሥርዓት አፊኒ ይባላል፤ «ሰማችሁ ወይ?» ማለት ነው። ተናጋሪው ጉዳዩን ካቀረበ በኋላ ሸንጎውን በዚህ ቃል ይጠይቃል። ሰማችሁ ወይ ማለት ድምፁ ጆሯችሁ ደረሰ ወይ ብቻ አይደለም፤ ነገሩን ተቀበላችሁት ወይ፣ ልባችሁ ዘንድ ደረሰ ወይ ጭምር ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚቆመው ደግሞ ሐላሌ ነው፤ እውነት፣ እውነተኛው የሕይወት መንገድ። በጉዱማሌ ሜዳ ፍቼ ጨምበላላን ለማክበር ሕዝቡ ሲሰበሰብ ሽማግሌዎች ወጣቱን የሚመክሩት ይህንኑ ነው፤ ከሐላሌ አትውጡ እያሉ።

ሰባት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ባለ ጀልባው ተናገረ። ልጁም ተናገረ፤ «በዚያ ሌሊት የአንዷ ጀልባ ገመድ ተፈታ። ንፋስ ሳይወስዳት ዋኝቼ መለስኳት። ስመለስ መረቦቹ የሉም። የመድኃኒቱ ገንዘብ ከደመወዜ ያጠራቀምኩት ነው።» ምስክር አለህ ወይ ተባለ። የለውም። ሌሊት ብቻውን የሚጠብቅ ሰው ምስክር ከየት ያመጣል?

ከሽማግሌዎቹ አንዱ የባለ ጀልባው ሚስት ወንድም ነበር፤ ንግግር የሚያውቅ፣ ብዙ ጠብ ያበረደ ሰው። ተነሣና እንዲህ አለ፤ «ባለ ጀልባው መረብ ጠፍቶበታል፣ ይህ አይካድም። ልጁ ደግሞ ድሃ ነው፣ ይህም አይካድም። እንካፈለው። ግማሹን ልጁ ይክፈል፣ ግማሹን ባለ ጀልባው ይተውለት። ሁለቱም ይታረቁ፤ ቡናችንን ጠጥተን እንነሣ።»

ሸንጎው ተነፈሰ። መልካም ሐሳብ ነው ተባለ። ባለ ጀልባው ራሱን ነቀነቀ። ልጁም መሬት መሬቱን እያየ «እከፍላለሁ፤ ብቻ ይብቃ» አለ።

እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ የምፈራው ይህችን ሰዓት ነው። ሁሉም ተስማምቷል፤ ከሳሹ፣ ተከሳሹ፣ ሽማግሌው። እውነቱን ግን ማንም አልተናገረም።

ሰብሳቢው እንደ ልማዱ ጠየቀ፤ «ሰማችሁ ወይ?» ስድስቱ መስማታቸውን ተናገሩ። ሰባተኛው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ቡናና እንሰት የሚያለማ፣ በሸንጎ ብዙ ቃል የማያወጣ ሽማግሌ፣ «እኔ አልሰማሁም» አለ።

ጆሮው ከብዶት መስሏቸው ደገሙለት። «ቃሉንስ ሰማሁ። ግማሹን ይክፈል ተባለ። ልጁ መረቡን ወስዷል ሲባል ግን አልሰማሁም። አልወሰደም ሲባልም አልሰማሁም። ወስዶ ከሆነ ግማሹ ያንሳል። ካልወሰደ ደግሞ ግማሹም ቢሆን ዝርፊያ ነው፤ ዘራፊዎቹም እኛ ነን።»

ጸጥ አለ። ቡናው እየፈላ ነበር።

ከሸንጎው ጎን ጎረቤት ሆኖ የተቀመጠ አንድ ጡረተኛ ነበር። ወላጆቹ ከሰሜን መጥተው ሐዋሳ የሰፈሩ፣ ዕድሜውን በፍርድ ቤት ሬጅስትራርነት ያሳለፈ ሰው ነው። ሰብሳቢው ወደ እሱ ዞሮ «ጋሼ፣ እርስዎ መዝገብ ሲያገላብጡ ኖረዋል። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞዎት ያውቃል?» አለው።

ጡረተኛው ጉሮሮውን ጠራርጎ ጀመረ። «በእኛ ፍርድ ቤት የሚፈርደው ዳኛ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ዳኛው ፍርዱን ሲጽፍ ማስረጃውን ጠቅለል አድርጎ እንዲያሰፍር፣ የቱን ተቀብሎ የቱን እንደጣለ ከነምክንያቱ እንዲያሳይ ያዘዋል። እንግሊዞች ግን ከጥንት ጀምሮ በከባድ ወንጀል ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ለአሥራ ሁለት ተራ ሰዎች ይሰጣሉ። የነዚያ ሰዎች ቃል በቋንቋቸው ቨርዲክት ይባላል። ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ነው፤ በእውነት የተነገረ ማለት ነው። ቅጣት ማለት አይደለም፣ እርቅ ማለትም አይደለም። ቅጣቱን በኋላ ዳኛው ያስብበታል። የነሱ ሥራ እውነቱን ተናግሮ መቀመጥ ነው።»

«ከየት ያውቁታል እውነቱን?» አለ አንዱ።

«መጀመሪያ ጎረቤት ስለሆኑ ነበር የሚያውቁት። በ1166 እ.ኤ.አ. ንጉሥ ሄንሪ ሁለተኛ ከየወረዳው 12፣ ከየመንደሩ 4 የታመኑ ሰዎች ምለው በአካባቢያቸው የሚጠረጠረውን ዘራፊና ነፍሰ ገዳይ እንዲናገሩ ደነገገ። ቆይቶ ግን የሚያውቁ ሳይሆኑ የሚሰሙ ሆኑ፤ ምስክር ይቀርባል፣ ሰምተው ይፈርዳሉ።»

«ይሄማ የእኛው አውጫጭኝ ነው» አለ ሌላው።

«ይመስላል» አለ ጡረተኛው። «አባቴ ያጫውተኝ ነበር። ነገር ሲጠፋ የአገሩ ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ሥራው እየጠበቀው፣ ነገሩ እስኪወጣ ይታገዳል። የሚያውቅ ሰው ስሙ ሳይገለጥ በወፍ ይናገራል። ካልወጣ የጠፋውን አገሩ አዋጥቶ ይከፍላል።»

የቡና ገበሬው ሽማግሌ ቀና አለ። «እንግዲያ ያ ሁሉ ሰው መዋጮው እንዳይደርስበት ሲል ደካማውን ቢጠቁምስ?»

ጡረተኛው መልስ አልነበረውም። ነገሩ እዚህ ላይ የደረሰበትን ጥልቀት ልብ ማለት ይገባል። አውጫጭኝ እውነትን ለማውጣት የተበጀ፣ ብዙ ዘመን ያገለገለ የአባቶች ብልሃት ነው፤ ሰው ሲደክመውና ኪሱ ሲነካ ግን ከእውነቱ ይልቅ መገላገሉን ሊመርጥ ይችላል። ከዋርካው ሥርም የሆነው ይኸው ነበር።

ንግግር አዋቂው ሽማግሌ በዚህ ጊዜ ወደ ጡረተኛው ዞረ። «እነዚያ አሥራ ሁለቱስ ሁልጊዜ እውነት ይናገሩ ነበር? ለምሕረት ብለው የሸፈኑት የለም?»

«አለ እንጂ። ከመኖሪያ ቤት አርባ ሽልንግ የሚያወጣ ዕቃ የሰረቀ በስቅላት ይቀጣ የነበረበት ዘመን ነበር። እነሱ ዕቃው ከዚያ በላይ እንደሚያወጣ እያወቁ ሠላሳ ዘጠኝ ሽልንግ ነው ብለው ይፈርዱ ነበር፤ ሰውየው እንዳይሰቀል። ብላክስቶን የተባለው ሊቃቸው ይህን መንፈሳዊ የሐሰት መሐላ ብሎታል።»

«አያችሁ!» አለ ሽማግሌው። «ርኅራኄ ከእውነት ይበልጣል። ግማሹን ይክፈል ያልኩትም ለዚሁ ነው።»

የቡና ገበሬው ግን ረጋ ብሎ መለሰ። «እነሱ ሽልንጎቹን የደበቁት ሰው ከገመድ ለማውረድ ነው። የሚራሩለት ሰው ፊታቸው ቆሟል። እኛ ይህን ልጅ ግማሽ ሌባ ስናደርገው የምንራራው ለማን ነው?»

ጥያቄው መልስ ሳያገኝ ቆየ። ንግግር አዋቂው አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው።

ጡረተኛው ሌላም ነገር አስታወሰ። «በ1670 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ዊልያም ፔንና ዊልያም ሚድ የሚባሉ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሰብካችኋል፣ ሕዝብ ሰብስባችሁ ሁከት አስነሥታችኋል ተብለው ተከሰሱ። ችሎቱ ጥፋተኛ እንዲባሉ ፈልጓል። አሥራ ሁለቱ ግን ፔን መንገድ ላይ ተናግሯል ብለው ብቻ መለሱ፤ መናገር ደግሞ ወንጀል አይደለም። ሂዱና ሌላ ፍርድ አምጡ ተባሉ። ያለ ምግብ፣ ያለ ውኃ፣ ያለ እሳት ተዘግቶባቸው አደሩ። በመጨረሻ ጭራሽ ጥፋተኛ አይደሉም ብለው ወጡ። አርባ አርባ ማርክ ተቀጡ፤ እስኪከፍሉም ታሰሩ። ኤድዋርድ ቡሼል የሚባለው አንዱ አልከፍልም ብሎ ከእስር ቤት ሆኖ ተከራከረ። ዳኛ ቮን ለሱ ፈረደ። ከዚያ ወዲህ ሰው በሰጠው ፍርድ ምክንያት እንደዚያ አይቀጣም። ፔንም በኋላ አሜሪካ ተሻግሮ ፔንስልቬንያን የመሠረተው ሰው ነው።»

«ያለ ምግብና ያለ ውኃ?» አለ ሰብሳቢው።

«ሁለት ሌሊት።»

ሰብሳቢው ቡናውን ወደምትቀዳው ሴት ተመለከተ። «ልጄ፣ ለጊዜው አውርጂው» አላት። «እኛም እስክንሰማ እንቀመጥ።»

ፀሐይ ወደ ሐይቁ ማዶ አዘነበለች። ገበያ የወጡ ሴቶች በመንገዱ አለፉ። አንዱ ሽማግሌ ወገቤን አለ። ሌላው «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ሌላ ቀን ብንቀጥረውስ?» ብሎ ጠየቀ። የቡና ገበሬው «እስኪጠራ ድረስ ልጁ ሌባ ሆኖ ይደር?» ከማለት ሌላ ቃል አልጨመረም። ቁጣም ልመናም በፊቱ ላይ አልነበረም፤ ብቻ አልተነሣም። ሰው እውነት ይዞ ሲቀመጥ ከጮኸው ይልቅ ዝም ያለው እንደሚከብድ እኔ አምናለሁ።

ሰብሳቢው እንደገና ጠየቀ፤ «ሰማችሁ ወይ?» በዚህ ጊዜ ስድስቱም ዝም አሉ።

ሦስተኛ ጠየቀ። ንግግር አዋቂው ሽማግሌ ኮፍያውን አወለቀ።

«እኔ የሰማሁ ነኝ» አለ። «መስማት ብቻ አይደለም፣ አይቻለሁ። በዚያ ሌሊት ከለቅሶ ቤት ስመለስ የእህቴ የበኩር ልጅ ሁለቱን መረቦች ባጃጅ ላይ ጭኖ ወደ ጥቁር ውኃ በኩል ሲሄድ አየሁት። እህቴ እንዳታፍር፣ አባትና ልጅ እንዳይጣሉ ብዬ ዋጥኩት። ይህ ልጅ ድሃ ነው፣ ትንሽ ከፍሎ ይረሳዋል ብዬ አሰብኩ። ግማሹንም ከኪሴ በስውር ልሰጠው ቆርጬ ነበር።»

ባለ ጀልባው ከተቀመጠበት ድንጋይ ተነሣ፤ መልሶ ተቀመጠ። ማንም አልተናገረውም። የገዛ ልጁን ስም በሸንጎ መስማት ምን እንደሚመስል ለመናገር ቃል አይበቃኝም።

ከብዙ ቆይታ በኋላ የተናገረው ራሱ ነው። «እውነት ነው? ሐላሌህን ነው?»

«ሐላሌዬን ነው።»

«እንግዲያ ሰምቻለሁ» አለ ባለ ጀልባው።

ሰብሳቢው ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር እንዲነገር አዘዘ። ማን ይቀጣ፣ ምን ይከፈል የሚለው ይቆይ፤ መጀመሪያ ልጁ መረብ አለመውሰዱ በሰባቱም አፍ ይነገር አለ። ሰባቱም በየተራ «አልወሰደም» አሉ። የቡና ገበሬው የመጨረሻው ነበር፤ እሱም እንደ ሌሎቹ አንዲት ቃል ብቻ ተናግሮ በቃው።

ከዚያ ወደ ቀሪው ገቡ። የበኩር ልጁ መረቦቹን ከሸጠበት እንዲያስመልስ፣ ካልሆነም ሠርቶ እንዲተካ ተፈረደበት። አጎቱ «እኔም ልቀጣ፤ ሶንጎ ላይ ተቀምጬ ያየሁትን ደብቄያለሁ» አለ። ሸንጎው ገንዘብ አላስከፈለውም። በማግስቱ ጧት ከባለ ጀልባው ጋር አሞራ ገደል ገበያ እንዲሄድ፣ ወሬው በተዘራበት ቦታ፣ ለዓሣ በላቾቹ፣ ለሾርባ ሻጯና ለባጃጅ ነጂዎቹ ልጁ ንጹሕ መሆኑን ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲናገር አዘዘው። ከገንዘቡ ይህ ሳይከብደው አልቀረም። ባለ ጀልባው ደግሞ ልጁን «ካሣህ ምን ይሁን?» ብሎ ጠየቀው።

ልጁ ትንሽ አሰበ። «ጀልባዋን ዋኝቼ የመለስኩበትን ካሰቡልኝ ይበቃኛል። ደግሞ ቅድም እከፍላለሁ ብዬ ነበር። ያንን ቃል ሰርዙልኝ።»

«ተሰርዟል» አለ የቡና ገበሬው።

ሰብሳቢው ቡናው እንዲመለስ አዘዘና ከዋርካው ወዲያ ቆመው ሲጠብቁ የዋሉትን ሁለት የድንበር ባለጉዳዮች ጠራ።