ቤት የሌለው መሥሪያ ቤት

«መሥሪያ ቤት» የሚለው ቃል ሥራንና ጣራን አጋብቶ የኖረ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2020 ወረርሽኝ ወዲህ ጋብቻው ላልቷል። ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ በ2021 አክሲዮኑን ለገበያ ሲያቀርብ፣ ሠራተኞቹ ከ60 በሚበልጡ አገሮች በየቤታቸው ሆነው ስለሚሠሩ ዋና መሥሪያ ቤት እንደሌለው በይፋ አስታውቋል።

የሥራው ቦታ ከጠፋ፣ የደመወዙ ልክ ስለምን በቦታ ይወሰናል? ይኸው ኩባንያ ለአንድ ዓይነት ሥራ የሚከፍለውን ገንዘብ በሠራተኛው መኖሪያ አካባቢ የሥራ ገበያ እየመዘነ ሲያሰላ ቆይቷል። «ኑሮ በረከሰበት አገር ያነሰ ደመወዝ ሠራተኛውን አይጎዳም» ይባላል። ክርክሩ ከንቱ ነው አልልም። ይሁንና ከሁለቱ እጆች የወጣው ምርት በአንድነት ተሰፍቶ በአንድ ዋጋ ይሸጣል፤ የልዩነቱ ትርፍ በማን ካዝና እንደሚቀር ልብ ይሏል።

ማርክስ በ1867 በታተመው «ካፒታል» የእንግሊዝን የዳንቴል ሠሪዎች ሲያወሳ፣ የድኻው ጓዳ የፋብሪካው የውጭ ክፍል መሆኑን አሳይቷል። የዛሬው ባለሙያ እንደነዚያ ምንዱባን አይደለም፤ ብዙው ወዶ የገባበት ነው፤ ከመንገድ ድካምም ድኗል። ነገር ግን ክፍሉን፣ ወንበሩንና መብራቱን ለምርት ያዋለው እርሱ ነው። ታዲያ ወጪው የማን ይሁን?

ፖርቱጋል በታኅሣሥ 2021 ባወጣችው ሕግ ተጨማሪ ወጪውን በአሠሪው ላይ ጥላለች፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ ሠራተኛውን ከማወክ እንዲታቀብም አዛለች። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላው አንቀጽ ነው፦ አሠሪው ቢዘገይ በየሁለት ወሩ ሠራተኛውን ከባልደረቦቹ ጋር ፊት ለፊት የማገናኘት ግዴታ አለበት። ብቸኝነትም እንደ መብራቱ ሒሳብ ከሥራው ወጪ ተቆጠረ።