ያልተነገረውን ማን ይሙላው?

ከሎጂክ ፈተና ጥያቄዎች ሁሉ የሚያጠራጥረኝ «ተናጋሪው ሳይናገር ታሳቢ ያደረገው የትኛውን ነው?» የሚለው ነው። ሌሎቹ የተጻፈውን እንድንመረምር ያዛሉ፤ ይኼኛው ግን ያልተጻፈውን ፈልጉ ይልና ከምርጫዎቹ አንዱ ብቻ ትክክል ነው ይላል። ያልተናገረን ሰው ልብ ማን ያውቃል? ነገሩ የፈታኙን ግምት መልሶ የመገመት ጨዋታ ነው ብሎ መተው ይቻል ነበር። እንዲህ ብዬ ከመፍረዴ በፊት ግን አንድ ምሳሌ ልፈትሽ። «አዳዲስ አውቶቡሶች ሥራ ስለ ጀመሩ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ማርፈድ ይቀንሳል» የሚል ሰው አለ እንበል። ምርጫዎቹም እነዚህ ይሁኑ፦ ሠራተኞቹ ሁሉ በአውቶቡስ ይመላለሳሉ፤ አውቶቡስ ከታክሲ ይረክሳል፤ ከሚያረፍዱት ቢያንስ አንዳንዶቹ የሚያረፍዱት በትራንስፖርት ችግር ነው። የመጀመሪያው ዓይን ይስባል፤ ድምዳሜውን ያጠነክራልና። ግን እያንዳንዱን ሐሰት አድርጌ ልየው። ሁሉም በአውቶቡስ ባይመላለሱም ሙግቱ አይወድቅም፤ ግማሾቹ መሳፈራቸው ይበቃል። አውቶቡስ ከታክሲ ባይረክስም የሚጎድል ነገር የለም። በትራንስፖርት ችግር የሚያረፍድ አንድም ሰው ከሌለ ግን ድምዳሜው መቆሚያ ያጣል። እንግዲህ ሦስተኛውን የመረጥሁት የተናጋሪውን ልብ አንብቤ አይደለም። ሰውየው ነገሩን ጭራሽ አስቦት ላያውቅ ይችላል፤ ሙግቱ ግን ያለ እሱ አይቆምም። የሚጠየቀው ሰውየው ያሰበው ሳይሆን ሙግቱ የሚያስገድደው ከሆነ ያልተጻፈውም በማስረጃ ሊመረመር ይችላል።

«ከሆነ» ያልሁት በምክንያት ነው፤ ፈተናዎቹ ራሳቸው በዚህ ላይ አይስማሙምና። ጉድዊን ዋትሰንና ኤድዋርድ ግሌዘር ያዘጋጁት፣ ዛሬም ለቅጥር የሚያገለግለው ፈተና ከአምስት ክፍሎቹ አንዱን ለታሳቢ ሰጥቶ፣ ታሳቢ ማለት እንደ እውነት አስቀድሞ የተወሰደ ነገር ነው ይላል። በህንድ የባንክ ቅጥር ፈተናዎች የተለመደው መመሪያም ከዚህ አይርቅም። የተወሰደ ነገር ካለ ደግሞ ወሳጅ አለ፤ ስለዚህ ተፈታኙ ተመልሶ የሰው ልብ ወደ መገመት ይገባል። ኤልሳት የተባለው የአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና ሌላ መንገድ ይዟል። አንዳንዴ ሙግቱ የግድ የሚያስፈልገው የትኛው ነው ይላል፤ አንዳንዴ ደግሞ የትኛው ቢጨመር ድምዳሜው ያለ ጥርጥር ይከተላል ብሎ ለይቶ ይጠይቃል። ልዩነቱ የቃላት ስንጠቃ አይደለም። «ሠራተኞቹ ሁሉ በአውቶቡስ ይመላለሳሉ፤ አውቶቡስ የተሳፈረም አያረፍድም» የሚል ምርጫ ቢቀርብ ድምዳሜውን እስከ መጨረሻው ያደርሰዋል፤ የግድ ግን አይደለም። ሁለቱን ሳይለይ «ታሳቢው የቱ ነው?» የሚል ፈታኝ ሁለት መልስ ያለው ጥያቄ አውጥቶ አንዱን ብቻ ያርማል። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2024 ጀምሮ ኤልሳት «የሎጂክ ጨዋታዎች» የተባለውን ክፍል አስቀርቶ ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ ሁለት ክፍል መስጠቱም ጥንቃቄውን ይበልጥ ተፈላጊ ያደርገዋል።

ሆኖም ኤልሳትን አመስግኜ ማብቃት አልችልም። «የግድ» የሚባለው ምን ያህል የግድ ነው? አንድ ብልህ ተፈታኝ እንዲህ ሊሞግት ይችላል፦ ሠራተኞቹ ራሳቸው የትራንስፖርት ችግር የለባቸውም፤ የሚያረፍዱት ልጆቻቸውን በእግር ትምህርት ቤት እያደረሱ ነው፤ አሁን ልጆቹ በአዲሱ አውቶቡስ ስለሚሄዱ ወላጆቹ በሰዓታቸው ይገባሉ። ሦስተኛው ምርጫ ሐሰት ሆኖ ድምዳሜው ቆመ ማለት ነው። ፈታኙ «የልጆቹም ቢሆን የትራንስፖርት ችግር ነው» ቢል ክፉ መልስ አይደለም፤ ቃሉን ያሰፋው ግን ከተጠየቀ በኋላ ነው። ሰሚውም ድርሻ አለው፦ አርስቶትል በሬቶሪክ መጽሐፉ ሰሚው የሚያውቀውን መነሻ መናገር አያሻም ሲል ዶሪየስን ምሳሌ ያደርጋል። ዶሪየስ ሽልማቱ አክሊል በሆነ ውድድር ማሸነፉን ለማስረዳት በኦሎምፒያ አሸነፈ ማለት ብቻ ይበቃል፤ በኦሎምፒያ የሚሸለመው አክሊል መሆኑን የማያውቅ የለምና። የአርስቶትል ሰሚዎች ያውቁ ነበር። የአበበ ቢቂላን ድል እየሰማ ያደገ አንባቢ ግን ያንኑ ክፍተት በወርቅ ሜዳሊያ ይሞላዋል። ክፍተቱ በምን እንደሚሞላ የሚወስነው የሙግቱ ቅርጽ ብቻ አይደለም፤ ተናጋሪና ሰሚ በጋራ የሚያውቁትም ነው።

ታዲያ ሁሉም ይነገርና ክፍተት አይኑር የሚል ካለ፣ ሉዊስ ካሮል እ.ኤ.አ. በ1895 «ማይንድ» በተባለው የፍልስፍና መጽሔት መልሶለታል። በዚያ አጭር ጽሑፍ ኤሊ አኪለስን ታደክመዋለች፤ መነሻዎቹን እቀበላለሁ፣ «እነዚህ እውነት ከሆኑ ድምዳሜው እውነት ነው» የሚለውንም ጻፍልኝ ትለዋለች፤ ሲጽፍላት ያንንም ከድምዳሜው የሚያያይዝ ሌላ ዓረፍተ ነገር ትጠይቃለች፤ ማለቂያ የለውም። የበለጠ የሚከብደኝ ግን የሥነ ልቦና ተመራማሪው አሌክሳንደር ሉሪያ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ በኡዝቤኪስታን ገበሬዎች ዘንድ ያየው ነው። በረዶ ባለበት በሩቅ ሰሜን ድቦች ሁሉ ነጭ ናቸው፤ ኖቫያ ዜምሊያ በሩቅ ሰሜን ነው፤ እዚያ ያሉት ድቦች ምን ዓይነት ቀለም አላቸው? ብሎ ሲጠይቅ፣ እዚያ ስላልሄድሁ አላውቅም፣ የሄደ ሰው ይጠየቅ የሚሉ ነበሩ። ይህን የማሰብ ጉድለት አድርጎ ማየት ይቀናናል። እኔ ግን ያላየውን የማይመሰክር ሰው ጥንቃቄ አድርጌ አየዋለሁ። ገበሬዎቹ ያልተቀበሉት ሎጂክን ሳይሆን «የተባልኸውን እመን፣ ከራስህ አትጨምር» የሚለውን ያልተነገረ የፈተና ሕግ ነው። የታሳቢ ጥያቄ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ከራስህ ጨምር፣ ግን ብዙ አትጨምር ይላል፤ ልኩን አይናገርም። ስለ ታሳቢ የሚጠይቀው ፈታኝ የራሱን ታሳቢ ሸሽጓል።

እንዲያም ሆኖ ጥያቄው ይጥፋ አልልም። ሐሰት አድርጎ የማየቱ ዘዴ ደካማውን ምርጫ ከጠንካራው በርግጥ ይለያል፤ የልጆቹ ተቃውሞም የመጣው ዘዴው ስለ ከሸፈ ሳይሆን ምርጫው በስንፍና ስለ ተጻፈ ነው። «የአውቶቡስ እጥረት ለማርፈዱ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ አስተዋጽኦ አለው» ተብሎ ቢጻፍ ልጆቹም በውስጡ ይገቡ ነበር። በቀድሞው የበላ ልበልሃ ሙግት ተከራካሪ ባላንጣውን «ተጠየቅ» እያለ ቃሉ የቆመበትን ያስወጣው ነበር፤ የፈተና ወረቀት ግን ተጠየቅ ቢሉት አይመልስም። ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ የስኮላስቲክ አፕቲትዩድ ጥያቄ የምታወጡ፣ የአንደኛ ዓመት የሎጂክ ኮርስ የምታስተምሩና የምትፈትኑ መምህራን፣ «የግድ የሚያስፈልገው» እና «ቢጨመር የሚበቃው» የሚሉትን በጥያቄው ውስጥ ለይታችሁ ጻፉ፤ የእያንዳንዱንም ምርጫ ተቃራኒ ከማተማችሁ በፊት ሊከራከርለት ለሚወድ ሰው ስጡት።